ለወንድም የማይሆን ዋልዝ

ውጤቱ ከተነበበ በኋላ ወይዘሮ ዶክተር ዛይልንገር ጌርሊንደን መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ይዘው አስቆሟት። ወይዘሮዋ በቪየና የበረዶ ዳንስ ዳኛ ሆነው ያረጁ፣ ለውድድር ቀን ጸጉራቸውን ሳይሠሩ የማይመጡ፣ አንጀት የሚበላ ዋልዝ፣ ያን የጥንዶች ዳንስ፣ ሳያዩ መሞት እንደማይፈልጉ ላገኙት ሁሉ የሚናገሩ ሴት ናቸው።

«የኔ ልጅ» አሏት፣ ጓንት ባጠለቀ እጃቸው ጉንጯን ዳበስ እያደረጉ። «እግራችሁ ታጥቦ እንደተወለወለ ሳህን ንጹህ ነው። እንከን ብፈልግ አጣሁ። ግን ሳህኑ ላይ የሚበላ ነገር የለም።»

«ምን ጎደለን፣ ወይዘሮ ዶክተር?»

«ፍቅር ነዋ! ዋልዝ እኮ ነው። ያ ልጅ ሲይዝሽ የአውቶቡስ ዘንግ የጨበጠ ነው የሚመስለው።»

ቮልፍራም የሁለቱንም የበረዶ ጫማ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላ ደረሰ። «እህቴ እኮ ናት» አለ እየሳቀ። «በሌላ መንገድ ብይዛት ፖሊስ የሚጠሩብኝ እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮዋ ሳቁ። ጌርሊንደም ሳቀች። አጠገባቸው የቆመው አሠልጣኛቸው አቶ ራይንድል ግን አልሳቀም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጠርዙን በጣቱ እያዞረ ጌርሊንደን ብቻ ይመለከት ነበር።

የጌርሊንደና የቮልፍራም አባት አቶ ክሮይትነር በዳንስ አዳራሾች በሚጫወት ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ የሚባለውን ከቫዮሊን ተለቅ ያለ መሣሪያ ይጫወት ነበር። በዋልዝ ውስጥ ዜማው የቫዮሊኖቹ ነው፤ ቪዮላ የሚደርሰው ከመጀመሪያው ትልቅ ምት ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ትንንሽ ምቶች ናቸው። ሰውዬው በሌላ ሰው ዜማ ሥር «ፓ፣ ፓ» ሲል ዕድሜውን ጨረሰ። አንድ ቀን ግን አላማረረም። እንዲያውም ዋልዝ ማለት እነዚያ ሁለት ምቶች ናቸው ብሎ በሙሉ ልቡ ያምን ነበር። ማታ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ልጆቹን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጥና ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ ያስተምራቸዋል። «ሁለተኛዋን ምት አዳምጧት። ሰዓቷን አትጠብቅም፤ ትንሽ ቀድማ ትመጣለች፤ ቸኩላለች፤ የሚጠብቃት ሰው አለ» ይላቸዋል። እናታቸው ሄርሚነ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ፣ «ጠረጴዛውን ሰብረህ ነው የምታርፈው?» ትለዋለች።

ልጆቹ ይህን በጆሯቸው ሳይሆን በጉልበታቸው ተማሩት። በረዶው ላይ ሲወጡ ቮልፍራም በመጀመሪያው ምት ጉልበቱን ያጥፍና በበረዶ ጫማው ስለት ጠርዝ ረጅሙን መንገድ ይንሸራተታል። ጌርሊንደ ደግሞ ሁለተኛው ምት ከመድረሱ ቀደም ብላ ትዞራለች፤ እጇን ስትዘረጋ የሱ እጅ እዚያው ቀድሞ ይገኛል። በዓይን መፈላለግ አያስፈልጋቸውም። አባታቸው አንድ ክረምት ሳንባውን ታሞ ሲሞት፣ ጓደኞቹ እሱ አብዝቶ ይወደው የነበረውን ዝግ ያለ ዋልዝ ሰብሰብ ብለው ተጫወቱና በቴፕ ቀድተው ለልጆቹ ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ የሚወዳደሩት በዚያ ዋልዝ ነው። በረዶው ላይ ሲያዞሩት ሁለቱም የሚያስቡት ያቺን ወጥ ቤት ነበር። በዳኞች ወረቀት ላይ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ የለም።

አቶ ራይንድል ከውድድሩ ማግስት ጀምሮ ፍቅርን በትእዛዝ ሊያመጣ ተነሳ።

«ዓይኗን እያት!» ብሎ ይጮሃል ከአጥሩ ማዶ።

«እያየኋት ነው!»

«እንደ ወንድ እያት!»

«እንዴት አድርጌ፣ አቶ ራይንድል? የኔን ካልሲ ሰርቃ አጥልቃ እኮ ነው የመጣችው!»

«የኔ ቀዳዳ ስለሆነ ነው!» ትላለች ጌርሊንደ፣ ሳቋን መቆጣጠር ሲያቅጣት የቮልፍራምን ክንድ ለቃ አጥሩ ላይ እየተደገፈች። እሱም ካልሲውን መልሽ እያለ ይከተላታል። አሠልጣኙ ባርኔጣውን በረዶው ላይ ወርውሮ ወጥቶ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ጌርሊንደን ብቻዋን ካፌ ጠራት። የተመታ ክሬም የተከመረበት ቡና አዘዘላትና ዙሪያ ጥምጥም ሳይል ገባበት።

«ሎታር ቬሰሊን ታውቂዋለሽ። አብራው የምትደንሰው ልጅ ጉልበቷ ተሰብሯል፤ ከእንግዲህ አትመለስም። እሱ ዝግጁ ነው።»

ጌርሊንደ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ወንድምሽ ጎበዝ ነው» አለ ራይንድል። «ጎበዝ አይደለም አልልሽም። ግን ሰው የእህትና የወንድም ዋልዝ ለማየት አይመጣም። ለአውሮፓ ሻምፒዮና የሚላከው አንድ ጥንድ ነው። ከቮልፍራም ጋር ሆነሽ ዕድሜሽን ሙሉ "እንዴት ንጹህ ናቸው" እየተባልሽ ትኖሪያለሽ። ትፈልጊያለሽ?»

ላስብበት ልትለው ነበር። ከካፌው ወጥታ፣ በወንዙ ዳር በእግሯ ሄዳ፣ አልቅሳ፣ ከዚያ «አይሆንም» የምትል ሴት እንደሆነች ስለ ራሷ ታምን ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ዋልዙስ?» አለችው። «ዋልዙን ይዤ መሄድ እችላለሁ?»

ራይንድል ፈገግ አለ። «ዋልዙማ ያንቺ ነው።»

የሷ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«ለቮልፊ ማን ይነግረዋል?»

«እህቱ አንቺ ነሽ።»

የዚያን ዕለት ማታ ቤት ስትገባ ቮልፍራም ወለሉ ላይ ተቀምጦ የጫማዋን ቆዳ ቅባት ይቀባ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሷን ጫማ የሚንከባከበው እሱ ነው፤ እሷ ስለቱን ስትሞርድ ሁልጊዜ ታበላሸዋለች። ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ቀና ብሎ፣ «ፊትሽ ምን ሆኗል? ራይንድል ደግሞ ሳሚው አለሽ እንዴ?» አላት።

«ነገ ልምምድ የለም» አለችው። «የበረዶ ማሽኑ ተበላሽቷል።»

«ጥሩ፣ እተኛለሁ።»

በማግስቱ ግን አልተኛም። ቀኑን ካረፍኩ አይቀር ስለቶቹን ልሞርድ ብሎ፣ በረዶ አዳራሹ ሳጥን ውስጥ የቀረውን የራሱን ጫማ ሊያመጣ ሄደ። ጌርሊንደ ከሎታር ጋር እየተለማመደች ነበር፤ ወንድሟን በሎታር ትከሻ በላይ ያየችው ጥጉን ሲታጠፉ ነው። ካፖርቱን እንደለበሰ አጥሩ አጠገብ ቆሟል። የአባታቸው ዋልዝ አዳራሹን ሞልቶታል። ማቆም ትችል ነበር፤ እጇን ከሎታር እጅ ማላቀቅና ወደ አጥሩ መሄድ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አላቆመችም። ዞረው በመጡ ቁጥር ወንድሟ እዚያው ቆሟል፤ ዞረው በሄዱ ቁጥር ዓይኑ ጀርባዋ ላይ ይሰማታል። ዜማው እስኪያልቅ አልተነቃነቀም።

«ወንድምሽ አይደል እሱ?» አለ ሎታር እያለከለከ።

ቮልፍራም መልሱን ለሷ አልተወላትም። «ትከሻህን ዝቅ አድርግ» አለው፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ከፍ ስታደርገው መዞሪያ ታጣለች።»

ከዚያ ጫማውን አነሳና ወጣ። ራይንድል ቴፑን ሊያጠነጥን ጀርባውን ሰጠ። ሎታር ትከሻውን ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ አደረገና፣ «እውነቱን ነው እኮ» አለ።

ሄርሚነ ነገሩን የሰማችው ከልጇ አይደለም፤ ጎረቤት ነገራት። ጌርሊንደ ስትገባ የስፌት መኪናውን ክዳን ዘግታ ጠበቀቻት።

«ከአንድ ጣቃ ቆርጬ ነው ለሁለታችሁም የሰፋሁት» አለቻት። «ለዚያ ሰውዬ የምሰፋው ጨርቅ የለኝም። ልብስሽን ከሱቅ ግዢ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«ምን እኔ እኮ? ማሽኑ ተበላሽቷል አልሽው? በረዶው ቀለጠ ብትዪውስ ምን ነበረበት!»

ቮልፍራም ቢጮህባት፣ ቢሰድባት፣ ሳህን ቢሰብር ትመርጥ ነበር። እራት ላይ ጨው አቀብይኝ ይላታል፤ አመሰግናለሁ ይላታል። ከብሔራዊው ውድድር በፊት በነበረው ሳምንት ሊንዝ ከተማ ብረት ፋብሪካ ሥራ እንዳገኘ ለእናቱ ነገራት። ሻንጣውን ሲዘጋ ጌርሊንደ በሩ ላይ ቆመች።

«ቮልፊ፣ አንድ ነገር በለኝ። ስደበኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የፈለግኸውን። ውሻ በለኝ።»

የሻንጣውን ጠፍር አጠበቀ። «የጫማሽን ስለት ከውድድሩ በፊት አስሞርጂ» አላት። «ባለ ሱቁ ጋ አትውሰጂው፤ ሽማግሌው ጋ ውሰጂው። የግራው ጠርዝ አልቋል።»

ሄደ።

ሎታር መልከ መልካም ነበር፤ ክፉም አልነበረም። ሽቶው ከሩቅ ይሸታል፤ ፈገግታውን ዳኞች በሚቀመጡበት በኩል ያዞረዋል። ግን ይቆጥራል። ጆሮዋ ሥር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት፤ ለሱ ሁለተኛው ምት ከአንደኛውና ከሦስተኛው እኩል ርቀት ላይ የተተከለ ምሰሶ ነው። ጌርሊንደ ቀድማ ትዞራለች፤ እጇን ትዘረጋለች፤ እጁ ይዘገያል። «ምን ያስቸኩልሻል?» ይላታል። ራይንድልም በተራው መጮህ ጀመረ፦ «ወንድ የለኝም ብለሽ ወንድ አመጣሁልሽ! ፍቅሩ የታለ?» ወንድ የለኝም ያለችው መቼ እንደሆነ ማስታወስ አልቻለችም።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እናቷ አልመጣችም። ከሱቅ የተገዛው ሰማያዊ ልብስ ብብቷ ሥር ይይዛታል።

ዜማው ሲጀምር እንደ ልምምዱ ሁሉ ሎታር ቆጠራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ አማረ። ከዚያ ሁለተኛው ምት ላይ ገላዋ እንደለመደው ቀድማ ዞረችና እጇን ዘረጋች። እጅ አልነበረም። ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ድረስ ላለች ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ የሎታር እጅ ደረሰ። በልምምድ ወቅት ይህች ጊዜ ታናድዳት ነበር። ዛሬ ግን ክንዷን ዘርግታ በረዶው መሀል ብቻዋን ስትቀር፣ እቤት የተጠቀለለው የወንድሟ ፍራሽ ትዝ አላት።  በሚቀጥለው ዙር ደግማ ዘረጋች፤ ደግማ አጣች። ቪዮላዎቹ ከዜማው ሥር ይገፏታል፣ ነይ ነይ ይሏታል፤ ስትደርስ ማንም የለም። ጉልበቷ ሸክም የተጫነበት ይመስል ከወትሮው ዝቅ ብሎ ታጠፈ። ጀርባዋ ተለመጠ። ጣቶቿ አየሩን እየለመኑ ሄዱ። ሎታር ዘግይቶ በደረሰ ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች፤ ሌላ ሰው ሆኖ እንዲገኝ እየፈለገች ታየዋለች፤ ሌላ ሰው አይደለም፤ ዓይኗ እንባ ይሞላል። እንባውን ለመጥረግ እንኳ እጇ ነፃ አልነበረም።

ተመልካቹ ከመቀመጫው ያየው ሌላ ነገር ነው። አንዲት ሴት ሁልጊዜ የሚዘገይባትን ወንድ ትጠብቃለች፤ ሲመጣላት በእንባ ታየዋለች።  ስለቶቹ በረዶውን ሲቆርጡ ይሰማ ነበር። ዜማው አልቆ ሎታር ክንዱ ላይ ሲያስተኛት ሁሉም ተነስቶ ቆመ።

«አየሽ?» አላት ሎታር አንገቱን በፎጣ እየጠረገ። «ወደድሽኝ እኮ! በእግዜር፣ እኔ ራሴ ደነገጥኩ።»

ነጥባቸው በዚያ አዳራሽ ታይቶ የማያውቅ ነበር። ወይዘሮ ዶክተር ዛይልንገር የዓይናቸው ኩል ጉንጫቸው ላይ ፈስሶ፣ ሰው እየገፉ መጡና አቀፏት።

«ገባሽ! አሁን ገባሽ!» አሉ። «ከወንድም ጋር ይሄ ከየት ይመጣል? እስኪ ንገሪኝ፣ ከየት ይመጣል?»

«አይመጣም» አለች ጌርሊንደ።

በማግስቱ ጋዜጣው ፎቶአቸውን አውጥቶ «በረዶ ላይ ያበበ ፍቅር» የሚል ርዕስ ጻፈበት። ራይንድል ጋዜጣውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለብቻዋ ፈቀቅ አደረጋት። ሞኝ ሰው አልነበረም። «ምን እንዳሰብሽ አልጠይቅሽም» አላት። «ማንን እንዳሰብሽም አልጠይቅሽም። ለአውሮፓውም እሱኑ አስቢ።»

አሰበችው። ሌላ ምን ታድርግ? በረዶው ላይ ከመውጣቷ በፊት ዓይኗን ትጨፍንና ወንድሟን አጥሩ አጠገብ ታቆመዋለች፤ ካፖርቱን ታለብሰዋለች፤ ትከሻህን ዝቅ አድርግ ታሰኘዋለች። ዓይኗ ሲረጥብ ዝግጁ ነኝ ትላለች። ከተማ ለከተማ ዞሩ፤ ሰው አለቀሰ፤ አበባ ተወረወረላቸው። ለቮልፍራም ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም። ልትጽፍ ስትል አንድ ነገር ይይዛታል፤ እሱ ይቅር ቢላት በሚቀጥለው ውድድር ምን ይዛ እንደምትወጣ አታውቅም። ይህን ሐሳብ ራሷ ስታስበው ሰማችና ለአንድ ቀን ያህል ምግብ አልበላ አላት። ከዚያ በላች፤ ወጣች፤ ደነሰች።

ሦስተኛው ክረምት ላይ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ ያልያዘችው የሰሜን ከተማ ውስጥ፣ ተራቸው ሲደርስ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። ቮልፍራም መጣ። ካፖርቱን ለብሶ አጥሩ ጋ ቆመ። ሌላ ምንም አልመጣም። እንባዋን ጠበቀች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ፊቱን ቀረብ አድርጋ ልታየው ሞከረች፤ የቅንድቡ ቅርጽ ጠፋባት። ስሟ ተጠራ። ያን ቀን የሎታርን ቆጠራ ጠብቃ ዞረች። እጁ በሰዓቱ ደረሰ። አንድም ቦታ አልተሳሳቱም።

ወይዘሮ ዶክተር ዛይልንገር በኮሪደሩ ሲያገኟት እጇን ይዘው፣ «ምን ነካሽ የኔ ልጅ?» አሏት በሐዘኔታ። «ከልጁ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

በጋው ሳይገባ ሎታር ከክላገንፉርት ከተማ ከመጣች ወጣት ልጅ ጋር መለማመድ ጀመረ። የነገራት ራይንድል ነው። ቢያንስ እሱ በሩን አንኳኩቶ ነገራት። «ጥሩ ልጅ ናት» አለ ወደ መሬት እያየ። «ቶሎ ታለቅሳለች።»

ጌርሊንደ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ የጓንት ክፍል ሻጭ ሆና ተቀጠረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀማሪዎች በረዶ ላይ መቆም ታስተምራለች። ከእናቷ ጋር ይኖራሉ፤ ሄርሚነ እንደገና ትሰፋላታለች፤ ስለ ቮልፍራም ግን አይነጋገሩም። ማግባቱን የሰማችው እናቷ ለሠርጉ ሊንዝ ሄዳ ስትመለስ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ለሠርግ እንግዳ የሚታደለውን የስኳር ለውዝ ስታገኝ ነው። አንድ እሑድ ሄርሚነ አድራሻውን በትንሽ ወረቀት ጽፋ የስኳር ዕቃው ሥር አኖረችላት። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ጌርሊንደ ካፖርቷን ለበሰችና ባቡር ጣቢያ ሄደች።

በሩን ራሱ ከፈተው። ወፍሯል፤ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ እጁ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። 

«እንደምን ዋሉ?» አላት። «ይግቡ። መንገዱ አላስቸገረዎትም?»

ቀልድ መስሏት ሳቋን አዘጋጀች። ሁሌም በዚህ ነበር የሚያበሽቃት፤ አሁን ፊቱ ይፈታና ካልሲዬን አምጪ ይላታል ብላ ጠበቀች። አልተፈታም።

«ቮልፊ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ካፖርትዎን ይስጡኝ።»

ሚስቱ ሮስቪታ፣ ክብ ፊት ያላት ደግ ሴት፣ ከጓዳ እየሮጠች ወጥታ አቀፈቻት። ባሏ የሚናገርበትን አነጋገር ስትሰማ ግን እስከ ጆሮዋ ቀላች። ኬክ ቆረጠች፤ ስለ አየሩ አወራች፤ ስለ ፋብሪካው ጭስ አወራች፤ መጨረሻ ላይ ወሬ አለቀባት። ጌርሊንደ ሹካዋን አስቀመጠች። በባቡር ስታጠናው የመጣችውን ነገር ከመርሳቷ በፊት መናገር ነበረባት።

«ያኔ ያሸነፍኩ ቀን» አለች፣ «ሁሉም ሰው ፍቅር ነው አለ። ሎታር አልነበረም። አንተ ነበርክ። እጄን ስዘረጋ አንተን ነበር የማጣው። ያለቀስኩት ባንተ ነው። ከዚያም በኋላ ሁልጊዜ ባንተ ነው።»

ቮልፍራም የቡና ሲኒዋን አየና ጎድሎ ስላገኘው ሞላላት።

«ፎቶዎን ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ» አለ። «ጥሩ ሠርተው ነበር።»

«ቮልፊ...»

«በእኔ አልቅሰው ከሆነ፣ ነጥቡን የወሰዱት እርስዎ ነዎት።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ስኳር ልጨምርልዎ?»

«ቮልፍራም! ኧረ ተው!» አለች ሮስቪታ።

ውጭ መዝነብ ጀምሮ ነበር። እሱ ጃንጥላውን ሊፈልግ ሲገባ ሁለቱ ሴቶች በሩ አጠገብ ብቻቸውን ቀሩ። ሮስቪታ የጌርሊንደን የካፖርት አንገት አስተካከለችላት።

«አንቺም ስትጣዪው እንዲህ በእርስዎ ያናግርሻል?» ብላ ጠየቀቻት ጌርሊንደ።

ሮስቪታ መዋሸት ፈልጋ ነበር፤ ከፊቷ ያስታውቃል። «እኔ ላይማ ይጮሃል» አለች።

ቮልፍራም እስከ ትራሙ፣ እስከ ከተማው ባቡር ማቆሚያ ድረስ ሸኛት። ጃንጥላውን በሙሉ ወደሷ አዘንብሎ ስለያዘ የራሱ ትከሻ ራሰ። መንገዱ ላይ ውኃ ያቆረውን ቦታ በጣቱ እያሳየ፣ «እዚህ ጋ ይጠንቀቁ» አላት። ትራሙ ሲመጣ ባርኔጣውን ከፍ አደረገላት።

«በሰላም ይግቡ።»

«አንተም» አለችው።

በመስኮቱ በኩል አየችው። ትራሙ እስኪነሳ ድረስ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ዝናቡ ውስጥ ቆመ፤ ማንኛውም ጨዋ ሰው እንግዳውን ሲሸኝ እንደሚቆመው። ከዚያ ባርኔጣውን አደረገና ወደ ሚስቱ ተመለሰ።